ያለንን ሰርቨር ፋየርዎልም ብናደርገውስ?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንስቼ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወደ 40 ኮምፒውተር ያለበትን ኔትወርክ ብቻዬን አስተዳድራለሁ። በራችን ላይ ቆማ ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የምታጣራው የፋየርዎል ሳጥን አርጅታለች፤ አምራቹ አፕዴት መስጠት ካቆመ ቆይቷል። በሌላ በኩል አንድ ጠንካራ ሰርቨር አለን። የጋራ ፋይሎች እሱ ላይ ናቸው። ዳታቤዙም፣ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የውስጥ ዌብሳይትም እዚያው ነው። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈት ነው። ሁለት የኔትወርክ ፖርት አለው። ሊኑክስ ስለሆነ ኤንኤፍቴብልስ የተባለው የፋየርዎል ሶፍትዌርም አብሮት አለ። አለቃዬ አንድ ቀን መጡና፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ተኝቶ ከሚውል የፋየርዎሉንም ሥራ ለምን አንሰጠውም አሉኝ። ወዲያው የምመልሰው አጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳባቸው ልክ መስሎኝ ነበር። መድረኩ ላይም እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት። ሁሉንም ሥራ የሚችል ሰርቨር ፋየርዎል መሆን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም፣ ካለ ግን ንገሩኝ ብዬ ለቀቅኩት። ከዚያ በኋላ የመጡትን መልሶች፣ ጸሐፊዎቹን በመልሳቸው ቁጥር እየጠራሁ፣ በተራ እተርካለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቁጥር 1 ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እርስዎ እያሉ ነው የጻፉልኝ። በሥራው ረጅም ዘመን እንደቆዩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ፋየርዎል የሚባለው ነገር ሲጀመር ለብቻው የተሠራ ዕቃ እንዳልነበረ አስታወሱ። በ1994 ገበያ ላይ የወጣው የቼክ ፖይንት ፋየርዎል ዋን ሰን በሚባሉት ተራ የዩኒክስ ማሽኖች ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነበር። የሊኑክስንም መንገድ ቆጠሩ። አይፒቴብልስ የተባለው ማጣሪያ የሊኑክስ እምብርት ከሆነው ከከርነሉ 2.4 እትም ጋር በ2001 መጣ፤ ተተኪው ኤንኤፍቴብልስ በ2014 ከከርነል 3.13 ጋር ገባ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሲስተምም የራሱን ማጣሪያ ፒኤፍን በ2001 አወጣ። ስለዚህ በተራ ማሽን ፋየርዎል መሥራት የሚያሳፍር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የሙያው መነሻ እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ቁጥር 2 ግን ጥያቄዬን ለሁለት ሰነጠቀው። እስከ ዛሬ ከዚህ ክር ከሁሉ በላይ የምይዘው ይህን መልስ ነው። ጸሐፊው እንደሚለው እኔ ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ጠቅልዬ ነው የመጣሁት። አንደኛው፣ ማሽኑ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ሌላ ምን ሥራ አለው የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልሱ ቁጥር 1 ያሉት ነው፤ ተራ ማሽን ይበቃል። አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ዘበኛው ዩኒፎርም ለበሰ አልለበሰ ብዙ ለውጥ የለውም። ዘበኛውን ገንዘብ ያዥ ካደረጉት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገንዘብ ለመቀበል የመጣ ሰው ሁሉ ከዘበኛው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ዘበኛውን የጣለ ሌባ ደግሞ ከበሩ ሳይሆን ከካዝናው ፊት ነው የሚቆመው። ፋየርዎል ማንም የማያናግረው ማሽን መሆን አለበት አለ፤ ሰርቨር ደግሞ የሚኖረው ሰው እንዲያናግረው ነው።

እኔ እዚህ ላይ ገና አላመንኩም ነበር። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው የሰርቨር ሶፍትዌር በራሱ ተጠቃሚ ስም ነው የሚሠራው። ዌብሳይቱ ቢጠለፍ ጠላፊው የሚያገኘው የዌብ ተጠቃሚውን ሥልጣን ብቻ ነው፤ የፋየርዎሉን ሩል፣ ማለትም ማን ይለፍ ማን ይከልከል የሚለውን ደንብ፣ ለመንካት ግን ሩት የሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ መሆን ያስፈልጋል። ይህን ለመጻፍ ስዘጋጅ ቁጥር 3 ቀደመችኝ።

ቁጥር 3 አንዲት ሙያተኛ ናት። የጻፈችው የራሷን ታሪክ ነው። ቀድሞ ትሠራበት የነበረው ድርጅት ዌብሳይቱንም ፋየርዎሉንም በአንድ ማሽን ላይ አድርጎ ነበር። ዌብሳይቱ ፎቶ የሚጫንበት ገጽ ነበረው። የሚጫነው ነገር በእርግጥ ፎቶ መሆኑን ግን ገጹ በደንብ አያጣራም ነበር። በ2016 መጨረሻ አንድ ሰው በፎቶ ስም ስክሪፕት ጫነ። ያኔ እሱም እኔ እንዳልኩት የዌብ ተጠቃሚ ብቻ ነበር። ነገር ግን ደርቲ ካው የተባለው የከርነል ቀዳዳ ይፋ ከሆነ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ቀዳዳው ከ2007 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነው፤ ማንኛውንም ተራ ተጠቃሚ ሩት ያደርጋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ፣ ፓች የሚባለው፣ ማሽኑ ላይ አልተጫነም። ሰውየው ሩት ሆነ፤ ሩሎቹን አላልቶ ለራሱ በር ከፈተ። የሆነውን ሁሉ የሚመዘግበው ሎግም እዚያው ማሽን ላይ ስለነበር አጸዳው። እነሱ ያወቁት ከሳምንታት በኋላ፣ ከእነሱ አድራሻ አይፈለጌ መልእክት እየወጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ከኢንተርኔት አቅራቢያቸው ሲደርሳቸው ነው። እሷን ከሁሉ ያናደዳት የሎጉ መጥፋት እንደሆነ ጽፋለች። ምን እንደተወሰደ እስከ መጨረሻው ማወቅ አልቻሉም።

ልጽፍ ያሰብኩትን ተውኩት።

ቁጥር 4 የተጠቃሚዎቹን ብዛትና የመስመሩን ፍጥነት ጠየቀ። በቁጥር 5 እኔ መለስኩ፤ 40 ኮምፒውተር፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት።

ቁጥር 6 ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ መልስ እወዳለሁ። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር ፍሬም ከሚባሉት የመረጃ እሽጎች ትንንሾቹን ባለ 64 ባይት ብቻ ቢያሳልፍ በሰከንድ 1,488,095 ያልፋሉ። ትልልቆቹ ከሆኑ ግን ወደ 81,000 ብቻ ነው። ወደ 10 ጊጋቢት ሲኬድ ትንንሾቹ 14.88 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ለአንዱ የሚተርፈው ጊዜ 67 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ቺፖች ያላቸው ሳጥኖች ዋጋቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። የእኔ 100 ሜጋቢት ግን ከ10 ዓመት በፊት የተገዛ ዴስክቶፕ ሳይጨነቅ የሚችለው ነው። ስለዚህ የፍጥነት ክርክር ለእኔ ጉዳይ አይሠራም ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 7 አረመው፤ በአክብሮት ነው ያረመው። ፍጥነት ማለት ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ እሽግ፣ መቁጠር ብቻ አይደለም። ቪፒኤን፣ ማለትም ከርቀት የሚገናኙበት የተመሰጠረ መስመር፣ ካለ ምስጠራው አለ፤ የፓኬቱን ውስጥ ማየት ካስፈለገ ሌላ ሸክም አለ። ከዚያ የባሰው ግን ጎረቤቱ ነው። ዳታቤዙ ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት፣ ወይም የሌሊቱ ባካፕ ሲጀምር፣ ያው ማሽን ፓኬት ማሳለፉን ያዘገያል። ሰው በኢንተርኔት ስልክ እያወራ ድምፁ ይቆራረጣል። አስተዳዳሪው ደግሞ ጥፋቱን መስመሩ ላይ ይፈልጋል፤ ባካፑ ትዝ አይለውም። ቁጥር 6 ተመልሶ ምስጋናውን ጻፈለት። በመድረካችን እንዲህ ያለ መተራረም ሁልጊዜ አይገኝም፤ በዚህ ክርም ያኔ የመጨረሻው ነበር።

ምክንያቱም ቁጥር 8 መጣ። እንደ እሱ አስተያየት ተራ ማሽን ላይ ፋየርዎል የሚሠራ ሰው በሰው ንብረት የሚጫወት ልጅ ነው። ለፋየርዎል ተብሎ የተሠራ ሳጥን ግዛ፤ የአገልግሎት ውል ግባ፤ ሌሊት ሲበላሽ የምትደውልለት ይኑርህ። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። አነጋገሩ ግን ሰውን ያሳንሳል። ቁጥር 1ን እንኳ፣ በዕድሜ ይበልጡኛል ሳይል፣ የድሮ ሰው ብሎ አለፋቸው።

ቁጥር 9 አልታገሰም። እስከዚያ ድረስ ክሩ በእርስዎ ሲሄድ ነበር፤ እዚህ ላይ አንተ ተባባሉ። እነዚያን ሳጥኖች ብትከፍት ውስጣቸው የምታገኘው ያንኑ የናቅከውን ነው አለው። ጁኒፐር የተባለው አምራች ሳጥኖቹን የሚያሠራበት ጁኖስ ፍሪቢኤስዲ ከተባለው ነፃ ሲስተም የተወለደ ነው። የሌሎቹ አምራቾች፣ የፎርቲኔትና የፓሎ አልቶ ሳጥኖች ሥራቸው ሊኑክስ ነው። ቀዳዳ ስለመኖር ከሆነም መዝገቡን ዘረገፈው። በዲሴምበር 2015 ጁኒፐር ስክሪንኦኤስ በተባለው ሲስተሙ ውስጥ ማንም ሳይፈቅድ የገባ ኮድ እንዳገኘ ራሱ አሳወቀ። በኦገስት 2016 የሲስኮ ኤኤስኤ ሳጥኖችን የሚያጠቃ መሣሪያ ይፋ ወጣ። በኤፕሪል 2024 የፓሎ አልቶ ሲስተም ላይ የተገኘው ቀዳዳ በክብደት መለኪያው 10 ከ10 ነው ያገኘው፤ ያለ ይለፍ ቃል ከውጭ ሩት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የጻፈውን ስድብ እዚህ አላነሳውም። መረጃው ትክክል ነበር፤ ስድቡ ግን መረጃውን አላጠነከረለትም።

ቁጥር 10 ያው ቁጥር 8 ነው፤ በቁጣ ነው የተመለሰው። ሆኖም ቁጣው መሐል አንድ ቁም ነገር አለ። እነዚያ ቀዳዳዎች ሲገኙ አምራቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ፓችም ላከ። አንተ በእጅህ የሠራኸውን ማሽን ግን ማን ይከታተልልሃል? አንተ ሥራ ለቀህ ስትሄድስ? ይህ ጥያቄ እኔን ያዘኝ። ድርጅታችን ውስጥ ያለሁት የኮምፒውተር ሙያተኛ እኔ ብቻ ነኝ። የፋየርዎሉ ነገር በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ያ ፋየርዎል የድርጅቱ ነው ለማለት ይከብዳል። ቁጥር 8 ትሑት ቢሆን ኖሮ ይህን ነጥቡን ብዙ ሰው ይቀበለው ነበር። ያሳዝናል።

ቁጥር 11 ነጥቡን በታሪክ ደገፈው። አዲስ በተቀጠረበት ቦታ ያገኘው ፋየርዎል 600 መስመር የሚሆን አንድ ስክሪፕት ነበር። የጻፈው ሰው ከሄደ ቆይቷል። አንድም ማብራሪያ የለውም። የትኛው ሩል ለምን እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማንም አይነካውም። ማሽኑ ለ3 ዓመት ሪስታርት አልተደረገም፤ ቢጠፋ ይነሳል አይነሳም የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ እሱ ያደረገው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሩል ላይ ቆጣሪ አደረገ፤ 2 ወር ጠበቀ። አንድም ፓኬት ያልነካቸውን ሩሎች ለይቶ፣ ባለቤት የሚሆንላቸው ካለ ጠየቀ። ከግማሽ በላዩ ወጣ። ይህን ዘዴ ማንም ሊወስደው ይችላል። የማሽኑ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ይሠራል።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 12 የእሱ ማሽን ከ3 ዓመትም በላይ ሳይጠፋ እንደቆየ ጻፈ። ቁጥር 13 የእሱ ይበልጣል አለ። ቁጥር 14 ቤቱ ያለው ዋይፋይ ለምን እንደሚቆራረጥ ጠየቀ። ቁጥር 15 አወያዩ ነው፤ ለዋይፋዩ ሌላ ክር እንዲከፈት፣ ቁጥር 8 እና ቁጥር 9 ደግሞ እንዲከባበሩ አሳሰበ። ማሽን ሳይጠፋ መቆየቱ እንደ ጀግንነት መቆጠሩን ግን ሳልናገር አላልፍም። 3 ዓመት ሪስታርት ያላደረገ ማሽን፣ ከርነሉ በሥራ ላይ እያለ ፓች የሚደረግበት ዘዴ ከሌለው በስተቀር፣ የ3 ዓመት ቀዳዳ ተሸክሟል። የቁጥር 3ን ታሪክ ያነበበ ሰው በዚህ መኩራራት አይችልም።

ቁጥር 16 ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። በዊንዶውስ ዓለም የኖሩ ሰው ናቸው። ማይክሮሶፍት ለትንንሽ ድርጅቶች ያወጣውን የ2003 ስሞል ቢዝነስ ሰርቨር ያስታውሳሉ። ፕሪሚየም የተባለው እትሙ ሁሉን በአንድ ማሽን ላይ የያዘ ነበር፤ ኢሜይሉን፣ ፋይሉን፣ የተጠቃሚዎቹን መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ ከዚያም አይሳ ሰርቨር የተባለውን ፋየርዎል። እሳቸው ይህን ለዓመታት አስተዳድረዋል። ሠርቷል ይላሉ፤ አልካዱም። ያሰለቻቸው ጠላፊ ሳይሆን ሪስታርት ነው። ፓች በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይመጣል። ለኢሜይሉ የመጣ ፓች ማሽኑን ሪስታርት ሲያስደርግ የድርጅቱ ኢንተርኔት ሁሉ አብሮ ይቋረጣል። ለፋየርዎሉ የመጣ ፓች ደግሞ ዳታቤዙን ይዘጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቆጣ ሰው አለ። የሚቆጣ ሰው ስላለ ፓቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ከዚያም ለሌላ ሳምንት።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ስለ ጠላፊ ሳስብ ስለ ቀን መቁጠሪያ አላሰብኩም ነበር። የእኛን ሰርቨር ሪስታርት ለማድረግ የሒሳብ ክፍሉን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ፤ ወር መጨረሻ ላይ ጨርሶ አይሆንም። ፋየርዎሉ እዚያ ላይ ቢሆን አስቸኳይ ፓች በወጣ ቁጥር የምለምነው እነሱን ነው። ሁለት ሥራ ያለው ማሽን ለሁለቱም ሥራ ፓች የማይደረግ ማሽን ይሆናል። በነገራችን ላይ ቁጥር 16 ስለ መጨረሻውም ጽፈዋል። የአይሳ ወራሽ የነበረውን ቲኤምጂን ማይክሮሶፍት እንደሚተወው በ2012 አሳወቀ፤ ድጋፉ በኤፕሪል 2020 ጨርሶ አበቃ።

ቁጥር 17 ስለ ዶከር ነው፤ ሶፍትዌሮችን ኮንቴይነር በሚባሉ ለየብቻ በተከለሉ ክፍሎች ውስጥ ስለሚያሠራው መሣሪያ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ሰውየው ሰርቨሩ ላይ ዩኤፍደብሊው በተባለው ቀላል የፋየርዎል ማዘዣ የዳታቤዙን ፖርት፣ ማለትም ዳታቤዙ የሚገናኝበትን ቁጥር ያለው በር፣ ከውጭ ዘግቷል። ሁኔታውን ሲጠይቀው ዝግ ነው ይለዋል። አንድ ቀን ዳታቤዙን ወደ ዶከር አዛወረውና ፖርቱ እንዲከፈት በዶከር ትእዛዝ ሰጠ። ለራሱ ማሽን ብቻ የከፈተ መስሎት ነበር። ዶከር ግን የራሱን ሩል በቀጥታ አይፒቴብልስ ውስጥ ይጽፋል። ፓኬቱ ገና ሲገባ አድራሻው ወደ ኮንቴይነሩ ይቀየራል፤ ከዚያ ለማሽኑ ለራሱ የሚመጣው በሚያልፍበት መስመር ሳይሆን ለሌላ በሚተላለፈው መስመር ይሄዳል። የዩኤፍደብሊው ክልከላ ደግሞ የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ፋየርዎሉ ዝግ ነው እያለ በሩ ክፍት ነበር።

ቁጥር 18 ተቆጣ። ይህ የዶከር ጥፋት ሳይሆን ያለማንበብ ጥፋት ነው አለ። ዶከር ተጠቃሚው የራሱን ክልከላ የሚጽፍበት ልዩ ቦታ አዘጋጅቷል፤ ፖርቱንም ለ127.0.0.1፣ ማለትም ለማሽኑ ለራሱ ብቻ፣ መክፈት ይቻል ነበር። ያላነበበ ሰው ሰርቨር አይንካ ብሎ ጨረሰ። ለጀማሪ የሚሰጥ መልስ አልነበረም።

ቁጥር 17 ግን በቁጥር 19 ሲመለስ አልተሳደበም፤ እኔ በጣም ነው ያከበርኩት። አለማንበቡን አመነ። ከዚያ እንዲህ ወደሚል ሐሳብ አመራ። ብዙ ሥራ ባለበት ሰርቨር ላይ ሩል የሚጽፈው እኔ ብቻ አይደለሁም። ዶከር ይጽፋል፤ ቨርቹዋል ማሽን የተባሉትን በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድረው ሊብቨርትም ይጽፋል፤ የይለፍ ቃል የሚሞክሩትን የሚያግደው ፌይልቱባንም ይጽፋል። እያንዳንዱ ለራሱ ልክ ነው። አንዱ ግን ሌላውን አያውቀውም። ለፋየርዎል ብቻ በተለየ ማሽን ላይ ሩሉን የሚጽፍ አንድ እጅ ነው፤ ከጠፋም የት እንደምፈልግ አውቃለሁ አለ። ቁጥር 18 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 20 አጭር መልስ ናት፤ ግን ከባድ ናት። ሊኑክስ በውስጡ የሚያልፈውን ግንኙነት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዘግባል። ሰንጠረዡ ገደብ አለው። የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት ምንም ሳይንቀሳቀስ ከመዝገቡ እስኪሰረዝ ደግሞ፣ ካልቀየሩት በስተቀር 432,000 ሰከንድ ይጠበቃል፤ 5 ቀን ማለት ነው። ጸሐፊው ቦታ አንድ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠር ግንኙነት ከፍቶ ሰንጠረዡን ሞላው። ፕሮሰሰሩ አልተጨነቀም፤ ሚሞሪውም አልሞላም። ሁሉ ነገር ጤነኛ ይመስላል፤ አዲስ ግንኙነት ግን የለም። ሎጉ ውስጥ ሰንጠረዡ ሞልቷል የሚል መስመር እስኪያገኝ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

ቁጥር 21 አስታራቂ ይዞ መጣ። ሰርቨሩን ወደ ቨርቹዋል ማሽን አስተናጋጅነት ቀይረህ፣ ፋየርዎሉን በአንዱ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብቻውን አስቀምጠው። ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ ጫንበት፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ የተዘጋጁና በፍሪቢኤስዲ ላይ የቆሙ ናቸው። ልቤ ወደዚህ ሄዶ ነበር። ቁጥር 22 ሁለት ነገር አነሳ። አንዱ፣ የቨርቹዋል ማሽን ግድግዳም የሚጣስበት ጊዜ አለ፤ በ2015 የተገኘው ቬነም የተባለው ቀዳዳ የመጣው ዛሬ ማንም ከማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ኮድ ነው። ሁለተኛው ዕለታዊ ችግር ነው። አስተናጋጁ ማሽን ሲጠፋ ፋየርዎሉ ይጠፋል፤ ፋየርዎሉ ሲጠፋ ከርቀት ገብቶ አስተናጋጁን ለማየት መንገድ የለም። ሁለት አስተናጋጅ ላለው ይህ ይፈታል። እኔ ያለኝ አንድ ነው።

ቁጥር 23 ራሱን የቆለፈበትን ሌሊት ተረከ። ከቤቱ ሆኖ ሩል ሲቀይር መጀመሪያ ሁሉን ዝጋ የሚለውን አስገባ፤ ለራሱ የሚከፍተውን ገና አልጻፈም። ግንኙነቱ እዚያው ሞተ። በሌሊት ተነስቶ መሄድ ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲህ ሩል ከመቀየሩ በፊት ከ5 ደቂቃ በኋላ የድሮውን ሩል መልስ የሚል ትእዛዝ አስቀድሞ ቀጠሮ ያስይዛል። ሁሉ ደህና ከሆነ ቀጠሮውን ይሰርዛል። ቁጥር 9 እዚህ ላይ ብቅ ብሎ ጁኖስ ይህን በራሱ እንደሚያደርግ፣ ለውጡ በጊዜው ካልተረጋገጠ ወደ ነበረበት እንደሚመልስ በዚያው መልስ ሥር ጨመረ። በመልካም ቋንቋ ነበር የጨመረው።

ቁጥር 24 ሁላችንም የረሳነውን አነሳች። ሰርቨሩ የኔትወርኩ ፋየርዎል አይሁን ማለት ሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል አይኑረው ማለት አይደለም። ሁለቱ ይምታታሉ። ምሳሌዋ በጃንዋሪ 25 ቀን 2003 የተለቀቀው ስላመር የተባለው ትል፣ ማለትም ራሱን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያባዛ ጎጂ ፕሮግራም፣ ነው። መላው ትል 404 ባይት የሆነች አንዲት ፓኬት ነበር፤ በዩዲፒ ፖርት 1434 በኩል የማይክሮሶፍትን ዳታቤዝ ያጠቃል። ፓቹ ከወጣ 6 ወር ሆኖት ነበር። ኦሃዮ ያለው የዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ጣቢያ በሩ ላይ ያንን ፖርት የሚዘጋ ፋየርዎል ነበረው። ትሉ ግን ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ኔትወርክ በተዘረጋ፣ ፋየርዎሉን በማያልፍ መስመር ገባ። የደኅንነት መለኪያዎችን የሚያሳየው ሲስተም ለ5 ሰዓት ያህል ከሥራ ውጭ ሆነ። ጣቢያው በጊዜው ኃይል አያመነጭም ነበር። በሩ ቢጠበቅም እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መቆለፊያ ያስፈልገዋል ማለቷ ነው።

ቁጥር 25 እኔ ነኝ። ለአለቃዬ ምን እንዳልኳቸው ጻፍኩ። ሰርቨሩን አልነካም፤ መጋዘን ካለው አሮጌ ዴስክቶፕ አንዱን ስጡኝ አልኳቸው። ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ምንም ትርፍ ነገር ጫንኩ። የሚሠራው ኤንኤፍቴብልስ ነው፤ ከሌላ ማሽን ገብቶ ማዘዣው ኤስኤስኤች ደግሞ ከውስጥ ብቻ። ሎጉን በየሰከንዱ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል፤ ይህ ከቁጥር 3 የተማርኩት ነው። እያንዳንዱ ሩል ላይ ለምን እንደተጻፈ፣ ማን እንደጠየቀው፣ መቼ እንደሆነ አሰፈርኩ፤ ይህ ከቁጥር 11 ነው። ሌላ ተመሳሳይ ዴስክቶፕ ያንኑ ቅጂ ይዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰርቨሩም የራሱ ፋየርዎል በርቶለታል። ቁጥር 8 እንኳ መልካም ነው አለ፤ አንድ ቃል ብቻ ናት፤ እኔ ግን በክብር ተቀበልኳት።

ቁጥር 26 አዲስ ሰው ነው። ከዚያ በፊት አልጻፈም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ በአይፒቪ6፣ ከውጭ ሞክረኸዋል ወይ አለኝ።

አልሞከርኩም ነበር። አይፒቪ6 እንደሌለን ነበር የማውቀው። በዚያው ሌሊት ከስልኬ ኢንተርኔት ሆኜ ሞከርኩ። ለካ አቅራቢው አብርቶታል፤ ዴስክቶፑም በውጭው ካርድ በኩል አድራሻ ተቀብሏል። ኤስኤስኤች ከውጭ መለሰልኝ። ሩሎቼን የጻፍኩት የቀድሞውን ሥርዓት፣ አይፒቪ4ን፣ ብቻ በሚያይ ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር፤ ኤንኤፍቴብልስ ግን ሁለቱንም በአንድ የሚይዝ ዓይነት አለው። የአንድ ቃል ለውጥ ነው። ቀየርኩት፤ መልሼ ሞከርኩ፤ ዝም አለ። ቁጥር 27 ላይ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ጻፍኩና ሰውየውን አመሰገንኩ።

ቁጥር 28 ያቺ የቁጥር 3 ባለታሪክ ናት። የኔን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብባ የጠየቀችው፣ እኔ እረፍት ላይ ስሆን ያንን ማሽን ፓች የሚያደርገው ማን እንደሆነ ነው። ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ባለፈው ዓርብ አንድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። እኔ እጄን አጣጥፌ ከኋላው ቆምኩ። ከጻፍኩለት ወረቀት እያነበበ አፕዴቱን ጫነ፤ ሪስታርት አደረገ፤ ከስልኩ በአይፒቪ4ም በአይፒቪ6ም ሞከረ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ግልጽ እንዳልሆነለት ነገረኝ። አስተካክዬዋለሁ።